የጀርመንና የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ወጪ፦ ብድሩ በማን ስም ተመዘገበ?

ሰላም ወንድሜ። «አንዱ ሠንጠረዥ ለከፍተኛ ትምህርት ብዙ የሚያወጣው የብሪታንያ መንግሥት ነው ይላል፣ ሌላው የጀርመን ይላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ የቱን ልያዝ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ እዚሁ ትማራለች፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ እንግሊዝ አገር። የሁለቱንም የክፍያ ወረቀት የማገላብጠው እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርህ። ሁለቱም ሠንጠረዦች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያያቸው የእንግሊዝ የተማሪ ብድር የማን ወጪ ተብሎ ተመዘገበ የሚለው ነው።

የጀርመኑ ብዙም አያደናግርም። ዩኒቨርሲቲዎቹን በዋናነት በጀት የሚመድቡላቸው ክልሎቹ ናቸው። ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዳንዶቹ በሴሚስተር እስከ 500 ዩሮ ማስከፈል ጀምረው ነበር፤ ተማሪው አጥብቆ ተቃወመ፣ አንድ በአንድም ተዉት፣ የመጨረሻዋ ኒደርዛክሰን በ2014 አነሳችው። ልጄ በየሴሚስተሩ የምትከፍለው ሦስት መቶ ዩሮ አለፍ ያለ መዋጮ ነው። ደረሰኙን ዘርዝረህ ስታየው ትልቁ ድርሻ የባቡርና የአውቶቡስ ቲኬት ነው፣ የተረፈው በአብዛኛው ለተማሪዎች ኅብረትና ለመመገቢያ አዳራሹ አገልግሎት ይሄዳል። «ለማስተማር» የሚል መስመር የለበትም። ለኑሮ ደግሞ የወላጅ ገቢ ታይቶ የሚሰጥ ባፌግ የሚባል ድጋፍ አለ፤ በመደበኛው ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ ተመላሹም ከ10,010 ዩሮ አይበልጥም።

እንግሊዝ ላይ ነው ሂሳቡ የሚወሳሰበው። (ስኮትላንድን ለይተህ ያዝ፤ እዚያ የአገሩ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይከፍልም።) ክፍያው በ1998 በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ሆኖ ተጀመረ፣ በ2006 እስከ 3,000፣ በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ፤ ለ2025/26 ጣሪያው 9,535 ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ገንዘብ በእጁ አይነካውም። ብድሩ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይላካል፣ ለእሱ የሚደርሰው የዕዳው ወረቀት ነው። ከኦገስት 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመረ ሰው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ማግኘት ሲጀምር፣ ከዚያ በላይ ካለው ገቢው ላይ 9 በመቶ ይቆረጥበታል፤ በ40 ዓመት ውስጥ ያላለቀው ይሰረዛል። የተሰረዘውን የሚሸከመው መንግሥት ነው።

እንግዲህ ኦኢሲዲ (የአገሮችን የትምህርት ወጪ የሚያነጻጽረው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ክፍያውን በቤተሰብ ስም ሲመዘግበው የመንግሥት ድርሻ በብሪታንያ ሩብ ገደማ፣ በጀርመን ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ይወጣል። ብድሩን ገና ሲሰጥ የመንግሥት ወጪ ብሎ የሚይዝ ሠንጠረዥ ካገኘህ ግን ብሪታንያ ሽቅብ ትወጣለች። የብሪታንያ ስታቲስቲክስ ቢሮም ከ2019 ጀምሮ የማይመለሰውን የብድር ክፍል ወዲያውኑ ወጪ አድርጎ መመዝገብ ስለጀመረ፣ ከዚያ በፊት የታተመን ሰነድ ከኋለኛው ጋር አትደባልቅ።

የምርምር ገንዘብም አለ። ጀርመን ውስጥ ብዙ የመንግሥት ምርምር የሚካሄደው እንደ ማክስ ፕላንክና ፍራውንሆፈር ባሉ ከዩኒቨርሲቲ ውጪ በሆኑ ተቋማት ነው። ምርምርን አካተህ «ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል ወጣ» ካልክ ጀርመንን ሳታውቀው ታሳንሳታለህ።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግህ የጀርመኑ ይሻላል ባይ ነኝ። የእንግሊዙ ጫና የሚበረታው በመካከለኛ ደመወዝተኛው ላይ ነው፤ ብዙ የሚያገኘው ቶሎ ከፍሎ ይገላገላል፣ ነርሷና መምህሩ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆረጥባቸው ይኖራሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ጀርመንም ቢሆን ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለችም፤ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጡ ተማሪዎችን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፣ ይህም ከአገር ቤት የሚመጡ ልጆቻችንን ይነካል።

ለጽሑፍህ ሦስት ዓምድ አዘጋጅ፦ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ በጀት፣ ለተማሪ የሚሰጥ ስጦታ፣ ይመለሳል ተብሎ የማይጠበቅ ብድር። ምርምሩን አውጣና ለየብቻ አስቀምጠው። «ብሪታንያ» የሚለው ቁጥር ስኮትላንድን መጨመሩንም በየሠንጠረዡ ግርጌ አረጋግጥ።