የለንደኑ የፈረሰኛ ዘቦች ሙዚየም፦ ከልጆች ጋር መግባት ይሻላል ወይስ ደጅ ፎቶ ተነስቶ ማለፍ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በሐምሌ ከ7 እና ከ12 ዓመት ልጆችሽ ጋር ለንደን ትመጫለሽ። የንጉሡ ፈረሰኛ ዘቦች ሙዚየም መግባት ይሻላል ወይስ ደጅ ፎቶ ተነስቶ ማለፍ ይበቃል ብለሻል። ግቡ! እኔ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ፤ ሁለቱን ከልጄ ጋር።

ቦታው ዋይትሆል ጎዳና ላይ፣ ሆርስ ጋርድስ የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ትንሽ ነው፤ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ግን ሌላ ቦታ ያላየሁት ነገር አለው። በአንድ በኩል መስታወት ነው። ከመስታወቱ ማዶ የዕለቱ ዘብ ፈረሶች ጋጣ አለ። ወታደሮቹ ፈረስ ሲቦርሹ፣ ኮርቻ ሲጭኑ ታያላችሁ። ለጎብኚ ብለው የሚያደርጉት አይደለም፤ የዕለት ሥራቸው ነው። ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ሃያ ደቂቃ ያህል አልነቃነቅም አለች። ደጅ ላይ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ያየችው ዓይነት ወታደር፣ እዚህ እጅጌውን ሰብስቦ ፍግ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ የዘብ ቅያሪውን ሰልፍ የምታይበት ዓይን ተለወጠ። ስለዚህ ምክሬ፦ መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ሰልፉ።

ከመግባታችሁ በፊት ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው። ዘቦቹ ከሁለት ክፍለ ጦር ናቸው። ቀይ ኮት ለብሶ ከራስ ቁሩ ነጭ ጭራ የሚወርድለት ላይፍ ጋርድስ ነው። ሰማያዊ ኮትና ቀይ ጭራ ያለው ብሉስ ኤንድ ሮያልስ። የክፍሉ ታሪክ የሚጀምረው ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሶ ከነገሠበት ከ1660ዎቹ ነው (ቀንና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ውስጥ ራስ ቁርና ጥሩር መሞከር ይቻላል። የ7 ዓመቱ ልጅሽ ከዚያ በቀላሉ አይነሳልሽም።

ከዕቃዎቹ ሁለቱን እንዳታልፉ። አንዱ ንጉሥ ዊልያም 4ኛ በ1831 የሰጣቸው የብር ነጋሪቶች ናቸው። ሌላው የሴፍተን ልጓም ነው። ሴፍተን ፈረስ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1982 ዘቦቹ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ቦምብ ፈነዳባቸው። 4 ወታደሮችና 7 ፈረሶች ሞቱ። ሴፍተን 34 ቦታ ቆስሎ ተረፈ፤ ድኖም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ እዚያ ልጓም ፊት እንባዬ መጣ። ለትንሹ ልጅ ታሪኩን ለዘብ አድርጊለት።

አንድ ነገር ደግሞ ደስ አለኝ። በአንድ ዓመት የሚገቡ ፈረሶች ስማቸው በአንድ ፊደል ይጀምራል። እኛ ጌታውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ብለን። ለልጆችሽ ይህን እዚያው ብታወሪያቸው የራሳቸውንም ታሪክ ይዘው ይወጣሉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የዘብ ቅያሪው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 11 ሰዓት (በኛ ረፋድ 5)፣ እሑድ 10 ሰዓት (በኛ ረፋድ 4) ነው። የሚካሄደው ከሕንፃው ጀርባ ባለው ሰፊ ሜዳ ነው። የጠዋቱ ካመለጣችሁ በ4 ሰዓት (በኛ ከቀኑ 10) የዘቦች ፍተሻ አለ። ይህ ፍተሻ በ1894 ንግሥት ቪክቶሪያ ዘቦቹን ሲጠጡና ቁማር ሲጫወቱ አግኝታ ለ100 ዓመት የጣለችው ቅጣት ነው ይባላል። መቶው ዓመት አልቋል፤ ፍተሻው ግን ቀጥሏል። የ12 ዓመቱ ልጅሽ ይህን ይወደዋል።

በጣም የምለምንሽ ግን ልጓም እንዳይነኩ ነው። በር ላይ በፈረስ የሚቆሙት ዘቦች አጠገብ «ፈረስ ሊራገጥ ወይም ሊነክስ ይችላል» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ለፎቶ ብዬ ልጄን አስጠግቻት ፈረሱ የአንገት ልብሷን በጥርሱ ጎትቶ ያዘው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ልጅቷ ተንቀጥቅጣ አለቀሰች፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ እስክትቀርብ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ፎቶው እንዲያውም ፈረሱን ሙሉውን ያሳያል።

ስትወጡ ሕንፃው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላችሁ እዩ። 2 ቁጥር ጋ ጥቁር ምልክት አለው። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 አንገቱ የተቀላበትን ሰዓት ያሳያል። የተገደለው ከመንገዱ ማዶ፣ ባንኬቲንግ ሃውስ የሚባለው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ዞር ስትሉ ታዩታላችሁ።