መልስ፦ የምድሩ ኦዞን ወጥቶ የሳሳውን ለምን አይሞላም?

«ከተማ ውስጥ የሚፈጠረው ኦዞን ወደ ላይ ወጥቶ የሳሳውን የኦዞን ሽፋን ለምን አይሞላም?» ላልከው፣ እዚያ ሳይደርስ ስለሚያልቅ ነው። ኦዞን ካገኘው ነገር ጋር ሁሉ የሚዋሃድ ጋዝ ነው፤ ከቅጠል፣ ከግድግዳ፣ ከሳንባችንም ጭምር። መሬት አጠገብ ዕድሜው ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ነው።

ቢተርፍ እንኳ ስትራቶስፌር፣ ማለትም የኦዞን ሽፋኑ ያለበት የላይኛው የአየር ንብርብር፣ አያሳልፈውም። እዚያ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ የሚያሞቀውም ራሱ ኦዞኑ ነው፣ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እየዋጠ። ሞቃት አየር ከላይ ሲሆን የታችኛው ሽቅብ መውጣት ይቸግረዋል።

የላይኛው ኦዞን እዚያው፣ በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ጨረሩ የኦክስጅን ሞለኪውልን ለሁለት ይሰነጥቃል፤ ነጠላው አተም ከሌላ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተጣምሮ ኦዞን ይሆናል። ሁሉም ተሰብስቦ መሬት ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው! ሽፋኑን ያሳሳው ከሲኤፍሲ (በማቀዝቀዣና በስፕሬይ ውስጥ ይገባ ከነበረ ሰው ሠራሽ ጋዝ) የሚወጣው ክሎሪን ስለሆነ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሲኤፍሲን ምርት ወደ ማስቆም ሄደ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ኦዞን ጠቃሚ ነው» ብለው ኦዞን የሚያመነጭ አየር ማጽጃ የሚገዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰው ባለበት ክፍል አታብራው፤ ያስላል፣ አስም ያለበትን ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል።