ከተክል የቫይረስ መድኃኒት ፍለጋ፦ ኬሚስትሪው ላይ ልቆይ ወይስ ልዙር?

ጥያቄሽ ደርሶኛል። የኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ነው። ለማስተርስ እንደ ዴንጊ፣ ዚካና ቺኩንጉንያ ያሉ በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶችን የሚያክም ውህድ ከተክሎች መፈለግ አስበሻል። ወደ ቫይሮሎጂ (የቫይረስ ጥናት) ልዙር ወይ፣ ሥራስ አገኝበታለሁ ወይ ብለሻል።

አትዙሪ። ኬሚስትሪው ላይ ቆዪ።

ዘርፉ ገና ብዙ ይቀረዋል። ለሦስቱም በሽታዎች ቫይረሱን ራሱን የሚያጠቃ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ትኩሳት ማስታገስና ፈሳሽ መተካት ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ ከተክል ባገኘችው የወባ መድኃኒት በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል መሸለሟ ብዙ ተማሪ ያማልላል። ቫይረስ ግን እንደ ወባ ተሕዋስ ራሱን የቻለ ሕዋስ አይደለም፤ የሚራባው በእኛው ሕዋስ ውስጥ፣ በእኛው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሕዋሱን የሚመርዝ ውህድ ሁሉ ቫይረሱን ያጠፋ ይመስላል። ጥናት ስታነቢ ቫይረሱን በግማሽ የሚቀንሰው መጠን ሕዋሱን በግማሽ ከሚገድለው መጠን ምን ያህል እንደሚርቅ እዪ። ከተቀራረቡ እለፊው።

የእርዱን ኩርኩሚን ደግሞ ተመልከቺ። ወረቀት ላይ የማያሸንፈው ቫይረስ የለም! ችግሩ ካገኘው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ይጣበቃል፣ አንዳንዴም መለኪያውን ራሱን ያሳስታል፤ ሲዋጥ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። ይህን ነቅቶ የሚይዘው ጥሩ ኬሚስት ነው። አትዙሪ ያልኩሽም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ሴልጎሲቪር አንብቢ። ከአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ዘር ከሚገኘው ካስታኖስፐርሚን የተሠራ ነው። የሚያግደው ቫይረሱን ሳይሆን ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን ለማበጀት የሚጠቀምበትን የሰው ኢንዛይም ነው። ዴንጊ የተወጉ አይጦችን ከሞት አትርፏል። ሲንጋፖር ውስጥ በ50 ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን የቫይረሱን መጠንም ትኩሳቱንም ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም፤ ውጤቱ የታተመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የዴንጊ አንዱ ፈተና ጊዜ ነው። ሰው ትኩሳቱ በርትቶበት ሐኪም ጋ ሲደርስ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ መቀነስ ጀምሯል። ከተሳካላቸው ጥናቶች ይልቅ ይሄኛው ብዙ ያስተምርሻል።

ሥራን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። "ከተክል የዴንጊ መድኃኒት ፈላጊ" የሚል ማስታወቂያ ብዙም አታገኚም። ቀጣሪ የሚፈልገው እጅሽን ነው፦ ውህድ ነጥሎ ማጣራት፣ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን መለያየት)፣ ማስ ስፔክትሮሜትሪ (የሞለኪውልን ክብደት መለካት)፣ ኤንኤምአር (የሞለኪውልን አወቃቀር የሚያሳይ መለኪያ) ማንበብ። እነዚህን ከቻልሽ የመድኃኒት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥርም፣ የምግብ ምርመራም፣ የፎረንሲክ ላብራቶሪም በሩ ክፍት ነው። የቫይረሱን ሥራ አብሮ ከሚሠራ ላብራቶሪ ጥቂት ወራት ገብተሽ ትለምጂዋለሽ።

አማካሪ ስትመርጪ ግን አትፈሪ፣ ጠይቂ። ንጹህ ውህድ አወጣለሁ ወይስ ጥሬውን ጭማቂ ብቻ እሞክራለሁ? በሕያው ቫይረስ ላይ የሚፈትንልኝ ማን ነው? መልሱ "ኮምፒውተር ላይ እናየዋለን" ብቻ ከሆነ ሌላ አማካሪ ፈልጊ። እንዲህ ያለ ቴሲስ ያስመርቅሽ ይሆናል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ምን በእጅሽ እንደሠራሽ ሲጠይቁሽ የምትይው ያጥርሻል። በተረፈ ከምትመርጪው አማካሪ ጋር የሠሩ ተማሪዎች አሁን የት እንዳሉ አጣሪ። ሁለት ሦስቱን ብታናግሪ ይበቃሻል።