«ይሄ በርሜል ስንት ያወጣል?» ለምትሉኝ ወጣቶች

ወደ ግምት ሥራ የምትገቡ ወጣቶች የጠብመንጃ በርሜል ይዛችሁ ስትመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ያው ነው። «ይሄ ስንት ያወጣል?» እኔም ያው መልስ አለኝ፤ «የየትኛው ጠብመንጃ ነው?» ጥያቄውን የሸሸሁ የሚመስላችሁ አላችሁ። አልሸሸሁም። ተቀያያሪ በርሜል ብቻውን ሲሆን የሚገመተው አንድ መንገድ አለ፣ ከተሠራለት ጠብመንጃ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌላ።

ኮንቴንደርን ውሰዱ። ዋረን ሴንተር የነደፈው፣ ቶምሰን ሴንተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ላይ ያወጣው ባለ አንድ ጥይት ሽጉጥ ነው። ማጠፊያውን የሚይዘውን ፒን አውጥቶ በርሜሉን መቀየር ማንም ይችላል፣ ባለሙያ አያስፈልግም። ስለዚህ የኮንቴንደር በርሜል የራሱ ገበያ አለው። ካሊበሩ (የሚተኩሰው ጥይት ዓይነትና መጠን)፣ ርዝመቱ፣ ቅርጹ ዋጋውን ይወስናሉ። ግን ተጠንቀቁ፤ የኮንቴንደር በርሜል ኤንኮር በተባለው በዚያው ኩባንያ ሌላ ሞዴል ላይ አይገባም። ብሌዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው የአር93 ጠብመንጃ በርሜልም ተከታዩ አር8 ላይ አይገባም። ሻጩ «ያው ነው» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ።

ሳቬጅ 99 የተባለው የአሜሪካ ጠብመንጃ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንዳንዱ ተፈታቺ 99 (በርሜሉ ከአካሉ የሚለይ) ከጠብመንጃ በርሜሉ ጋር ፍንጣሪ ጥይት የሚተኩስ የ.410 ሾትገን በርሜል ተጨምሮለት፣ በሣጥን ተሸጧል። ያ በርሜል ከዚያው ጠብመንጃ ጋር ተገጣጥሞ የወጣ ነው። ብቻውን ስታገኙት ወላጅ አልባ ነው፤ ሌላ 99 ላይ ለመግጠም ባለሙያ ያስፈልገዋል፣ ሁልጊዜም አይሳካም። ከነጠብመንጃው፣ ከነሣጥኑ ከተገኘ ግን ሰብሳቢ ይሻማበታል።

አሁን በርሜሉን እጃችሁ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ከጠብመንጃው ጋር ከሆነ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር እዩ። በፋብሪካ የተመታ ፊደል ጠርዙ ስል ነው። ተሞርዶ እንደገና ቀለም የገባ በርሜል ላይ ፊደሉ የሟሟ ይመስላል፤ የብሎን ቀዳዳ አፍ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ የኮንቴንደር በርሜሎች ስምንት ማዕዘን ስለሆኑ ለዚህ ያመቻሉ፤ ማዕዘኑ ላይ ጣታችሁን ስታሳልፉ ከተድበለበለባችሁ አንድ ሰው ነካክቶታል። ወዙ የጠፋ ግን ያልተነካ በርሜል ከሚያብረቀርቅ እድሳት ይበልጣል። ለደንበኛ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፣ በተለይ ለእድሳቱ ገንዘብ ከከፈለ።

ካሊበሩን ጽሑፉ ብቻ እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ። በርሜልን ለሌላ ጥይት ማስፋት የተለመደ ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ ሳያጠፉ የሚተዉት ብዙ ናቸው። ጥርጣሬ ካለ የጥይት ማደሪያውን ቅርጽ በሴሮሴፍ ውሰዱ። ሴሮሴፍ ከ70 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት የሚቀልጥ የብረት ቅይጥ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ሳይጣበቅ ይወጣል። ቆይቶ ደግሞ ይሰፋል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ስትለኩት የማደሪያውን ትክክለኛ መጠን ይሰጣችኋል። የቸኮለ ገማች ቶሎ ለክቶ የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋል።

ለሌላ ጥይት እንዲሰፋ የተደረገ በርሜል ለተኳሽ የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ ለሰብሳቢ ግን ይወርዳል። ስሙ የታወቀ ባለሙያ ሲሆን ብቻ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእሱን ሥራ ፈልገው የሚሰበስቡ አሉ።

ውስጡን ለማየት አስቀድማችሁ አጽዱት። ጥይት ሲያልፍ የሚተወው የመዳብ ቅሪት ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከጥይቱ ማደሪያ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ቦታ በካሜራ እዩ። ብዙ የተተኮሰ በርሜል እዚያ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አፉንም አትዝለሉ፤ ከፊት በኩል የገባ የማጽጃ ዘንግ ጠርዙን አጣሞ በልቶት ሊሆን ይችላል።

ዋጋው ላይ ስትደርሱ «ብርቅ ነው» የሚለው ቃል አያስክራችሁ። አንዳንድ ካሊበር ጥቂት የተሠራው ፈላጊ ስላጣ ነው፤ ዛሬም ፈላጊ ላይኖረው ይችላል። ሻጭ የሚጠራውን ዋጋ ተዉትና የተሸጠበትን ፈልጉ። አንዱ ከፍ አድርጎ ሲጠራ ሌላው ያንን አይቶ ይጨምራል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ይሄ ነው። የጨረታ ዋጋ ስታነቡም የገዢው ኮሚሽን ተጨምሮበት እንደሆነ እዩ፤ አንዱን ከነኮሚሽኑ፣ ሌላውን ያለኮሚሽን ብታወዳድሩ ግምታችሁ ገና ከጅምሩ ይበላሻል።

ስብስብ ሲመጣላችሁ ሁለት አኃዝ ጻፉ፦ አንዱ እንዳለ ሲሸጥ፣ ሌላው ተበትኖ ሲሸጥ። የኮንቴንደር በርሜል ክምር ተበትኖ ብዙ ጊዜ የተሻለ ያመጣል። የሣጥን ሳቬጅን ግን የበተነ ሰው መልሶ አይገጣጥመውም። ከበርሜሉ ሥር የሚገጠመውን የፊት እንጨትም ጠይቁ፤ የስምንት ማዕዘን በርሜል እንጨት ለወፍራሙ ክብ በርሜል አይሆንም፣ ወራሾች ደግሞ እንጨቱን ከማይመለከተው ዕቃ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይጥሉታል።

ሕጉንም እወቁ። በአሜሪካ የተለመደ የጠብመንጃ በርሜል ብቻውን እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ በአውሮፓ ኅብረት ግን በርሜል ራሱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዋና ክፍል ነው። በአሜሪካም ቢሆን ሰደፍና አጭር በርሜል አንድ ላይ ሲሆኑ ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው የቶምሰን ሴንተር ጉዳይ ይኸው ነበር፦ ሽጉጡ፣ ሰደፉና ረጅሙ በርሜል በአንድ ላይ ስለተሸጡ ብቻ ልዩ ቁጥጥር የሚደረግበት አጭር ጠብመንጃ ተሠርቷል ይባል ወይ የሚል። ኩባንያው ረታ። ሰደፉን ከአጭሩ በርሜል ጋር በትክክል መግጠም ግን ዛሬም ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዕቃው ድንበር የሚሻገር ከሆነ፣ ግምቱን ከመፈረማችሁ በፊት በሚደርስበት አገር በርሜሉ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ። ፈቃድ የሌለው ገዢ የሚያቀርበው ዋጋ የግምታችሁ መነሻ አይሆንም።