የገደብ እስራት ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ፣ ቦንዱን ደጋግሞ የጣሰ ሰው ምን ይገጥመዋል

እሺ እንጀምር። ባጭሩ ለማያውቅ፣ በገደብ ተፈረደበት ማለት እስራቱ ተፈርዷል፣ ስንት ወር ወይ ስንት ዓመት እንደሆነም ተወስኗል፣ ግን ሰውየው ቦንድ፣ ማለትም የግዴታ ውል ፈርሞ (ቀጠሮ መገኘት፣ አድራሻ ሳያሳውቁ አለመቀየር፣ ከዕፅ መራቅ ምናምን) ከእስር ቤት ውጪ ሆኖ ይፈተናል ማለት ነው። ገደቡ ተነሳ ከተባለ ደግሞ የተፈረደው እስራት ይፈጸም ተባለ ማለት ነው። እኔ በጥብቅና ስሠራ ብዙውን ጊዜ የያዝኩት እንዲህ ያለ ጉዳይ ስለሆነ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ ሕጉ ግን አገር ካገር ስለሚለይ የራሳችሁን ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም እንዳትወስኑ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሁለት ቀጠሮ ስለቀረ ብቻ ያስሩታል እንዴ? እናታችን እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ፦ አይዟችሁ፣ በሁለት ቀጠሮ ብቻ ወዲያው የሚገባ ሰው ብዙም አላየሁም፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ (ግዴታውን መፈጸሙን የሚከታተለው ሰው) መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ችግሩ ምን መሰለሽ እህቴ፣ እያንዳንዷ መቅረት ትመዘገባለች። በኋላ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ሪፖርት ላይ ቀኑ አለ፣ ምን እንደቀረ አለ፣ ከዛ ደግሞ የሰጠው ምክንያት አለ፣ እና እዛች ጋ "ምክንያት አላቀረበም" "ስልክ ተደውሎለት አላነሳም" የሚል እየተደጋገመ ሲመጣ ዳኛው ሰውየው ገደቡን ከቁብ እንዳልቆጠረው አድርጎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ዛሬውኑ ይደውል፣ ታሞ ከነበረ የሐኪም ወረቀት፣ ሥራ ከነበረ ካሠሪው ደብዳቤ ይዞ ይሂድ። ከከሰሱት በኋላ የመጣ ወረቀት በፊት የመጣውን ያህል አይታመንም።

ጥያቄ፦ ችሎት ስቀርብ መጀመሪያውኑ ጥፋተኛ አልነበርኩም ብዬ መከራከር እችላለሁ?

መልስ፦ አይ፣ ያ አልቋል። አሁን የሚታየው ግዴታውን ጥሰሃል ወይ፣ ከጣስክስ ይቅር የሚያስብል ነገር አለ ወይ የሚለው ብቻ ነው። አልጣስኩም ካልክ ግን ማስረጃ ይቅረብብኝ ማለት መብትህ ነው።

ጥያቄ፦ ገደቡ ከተነሳ ሙሉውን ነው የምታሰረው? ማሻሻያ የለም?

መልስ፦ ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። እንግሊዝና ዌልስን ብትወስድ በ2020ው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የቅጣት ሕግ መነሻው እስራቱ በሙሉ ወይ በከፊል ይፈጸም የሚል ነው፣ ዳኛው ያንን የሚተወው ሁኔታው ሁሉ ታይቶ ፍትሐዊ አይሆንም ካለ ነው፣ እዛ ላይ የታዘዝከውን ምን ያህል ፈጽመሃል የሚለው ትልቅ ቦታ አለው። የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት የሆነችው ደቡብ አውስትራሊያም በ2017ቱ ሕግ ቦንዱ ከተጣሰ ገደቡ መነሳት አለበት ይላል፣ ጥሰቱ ጥቃቅን ካልሆነ ወይ ይቅር ለማለት በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር። ይቅር ከተባልክ ቦንዱን ሊያራዝሙት ወይ ግዴታ ሊጨምሩበት ይችላሉ፣ ከተነሳብህም ልዩ ሁኔታ ካለ እስራቱን ማሳጠር ይቻላል። ሌላዋ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የገደብ እስራትን ጭራሽ አስቀርታለች። ዳኞች ሲደጋገም የሚጨክኑት ለምንድነው ካልከኝ፣ ሁሌ ከታለፈ ገደቡ ባዶ ማስፈራሪያ ሆኖ ይቀራል፣ ነገ ሌላው ተከሳሽ ገደብ ሲጠይቅ ማንም አያምነውም። እኔ በዚህ እስማማለሁ፣ የማልስማማው ግዴታው በቋንቋው ሳይነገረው የፈረመ ሰው ሲታሰር ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ!

ጥያቄ፦ የሽንት ምርመራ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ ሦስተኛውም እንደሚወድቅ አውቃለሁ፣ ብቀርስ?

መልስ፦ እንዳትቀር ወንድሜ። ከቀረህ ምርመራውን መሸሽ ሆኖ ራሱን የቻለ ጥሰት ይቆጠርብሃል። መጀመሪያ ግን ጠበቃህን አናግር፣ ምክንያቱም ለኦፊሰሩ የምትለው ነገር ሪፖርቱ ላይ ሊገባ ይችላል። ከዛ ሕክምና ተመዝገብና ክሊኒኩ መከታተልህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጥህ። ሱስ እየታከመ የወደቀና ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ዳኛ ፊት አንድ አይደሉም፣ ይሄን በዓይኔ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርህ።

ጥያቄ፦ ገደቡ ሊያልቅ 3 ሳምንት ቀርቶታል፣ ካለቀ በቃ ነፃ ነኝ አይደል?

መልስ፦ ጥሰት ከሌለ አዎ። በጊዜው ውስጥ የተፈጸመ ጥሰት ካለ ግን ጊዜው ካለፈም በኋላ ብዙ ቦታ ሊጠሩህ ይችላሉ። አንድ ወጥመድም ልጠቁምህ፣ ሰው በነዚህ ቀናት በትንሽ ነገር ይከሰስና "ቅጣቱ ትንሽ ነው" ብሎ ቶሎ አምኖ ይገላገላል፣ ያ ጥፋተኝነት ግን ራሱ ቦንዱን ይጥሳል፣ የድሮው እስራትም ባዲሱ ላይ ሊደረብ ይችላል። ለማንኛውም አዲስ ክስ ቦንድ እንዳለብህ መጀመሪያ ለጠበቃህ ተናገር።

ጥያቄ፦ ለባሌ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ፣ እኔንስ ያስሩኛል?

መልስ፦ ዋስ በሱ ጥሰት አትታሰርም፣ ግን የፈረምሽውን ገንዘብ ልትጠየቂ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ገደቡ ትናንት ተነስቶ አጎቴ ገብቷል፣ ይግባኝ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ግን ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ጠበቃ ያዙ። ይግባኝ ስለተባለ ብቻ አይለቀቅም፣ እስኪሰማ ድረስ ውጪ እንዲቆይ ለብቻው ዋስትና መጠየቅ አለበት። ጉዳዩ እስኪታይ ታስሮ የቆየባቸው ቀናት ካሉ ደግሞ ከእስራቱ መታሰባቸውን ውሳኔው ላይ አረጋግጡ፣ ሳይቆጠር የታለፈ አጋጥሞኛል።