የቤት ውስጥ የዮጋ ቪዲዮ ለሯጭ፦ መቼ፣ የትኛው፣ እስከ ምን ድረስ

ውድ የቡድናችን አባል፣ ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጁ በሳምንት አራት ቀን እንደሚሮጡ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ክብደት እንደሚያነሡ፣ የታፋዎ የኋላ ጡንቻም ሁልጊዜ ተወጥሮ እንደሚሰማዎት ገልጸዋል። ቤት ውስጥ የዮጋ ቪዲዮ እየተከተሉ መሥራት ይጠቅም እንደሆነ፣ ከሩጫ በፊት ይሻል ወይስ በኋላ፣ የክብደቱን ልምምድስ ሊተካ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የረጅም ርቀት ሯጭ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት ሁለቱን አስማምቼ ስሠራ ቆይቻለሁ፣ አብረውኝ ከሚሮጡ ሰዎችም ብዙ ተምሬያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጽፍልዎት።

ከሁሉ አስቀድሞ የምለው፣ የዮጋ ቪዲዮ ራሱ ልምምድ ስለሆነ በሳምንቱ ዕቅድ ውስጥ ሊቆጠር ይገባዋል የሚል ነው። ብዙ ሯጮች ዮጋን የዕረፍት አካል አድርገው ስለሚያዩት ባገኙት ቀን ይሠሩታል። ነገር ግን ቪንያሳ የሚባለው፣ ትንፋሽን ተከትሎ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው ሳያቋርጥ የሚያሸጋግረው ዓይነት፣ ለ60 ደቂቃ ከተሠራ ከባድ ሥራ ነው፤ በክንድ ተደግፎ መውረድና መነሣት፣ ጉልበትን አጥፎ መቆየት፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ ስለሚበዛበት ትከሻን፣ የፊት ታፋንና ባትን በእጅጉ ያደክማል። ሰኞ ማታ ይህን ሠርቶ ማክሰኞ ጠዋት ለፍጥነት ልምምድ የሚወጣ ሰው፣ እግሩ የከበደበትን ምክንያት በሩጫው ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ሃታ በአንጻሩ ዝግ ያለ ነው፤ በይን ዮጋ ደግሞ በአብዛኛው ተቀምጦ ወይም ተኝቶ አንዱን አቋም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መያዝ የተለመደ ነው። ክፍሉን እስከ 40 ዲግሪ አሙቆ የሚሠራውን ግን፣ ከባድ ዝግጅት ላይ ላለ ሯጭ ፈሳሽ ስለሚያሳጣው አልመክረውም።

ከሩጫ በፊት ወይስ በኋላ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በቪዲዮው ዓይነት ይወሰናል። አንድን ጡንቻ ሳያንቀሳቅሱ ከ60 ሰከንድ በላይ ወጥሮ መያዝ፣ ወዲያው በሚከተለው ሥራ ላይ የጡንቻውን ኃይልና ፍጥነት ለጊዜው እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል፤ አጭር ሲሆን ተጽዕኖው እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ይን ዮጋ ከፍጥነት ልምምድም ሆነ ከክብደት በፊት ቦታ የለውም። ከሩጫ በፊት መሥራት ከፈለጉ ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ፣ በአንድ አቋም ላይ ሳይቆይ ዳሌን፣ ቁርጭምጭሚትንና አከርካሪን የሚያንቀሳቅስ ማሟሟቂያ ይምረጡ። ረዘም ያለውን ሰውነት ከሞቀ በኋላ ወይም ማታ ይሥሩት።

በእርስዎ ሳምንት ላይ ላሳይ። ፈጣኑ ሩጫ ማክሰኞ፣ ረጅሙ እሑድ ነው እንበል። ሐሙስ ከቀላሉ ሩጫ በኋላ 30 ደቂቃ ሃታ፣ ሰኞ ደግሞ ሰውነትን በትራስ እየደገፉ የሚሠሩት 20 ደቂቃ የሚሆን ለስላሳ ቪዲዮ በቂ ነው። ቪንያሳን የሚወዱ ከሆነ ማክሰኞ ማታ፣ ከባዱ ሩጫ ካለፈ በኋላ ይሥሩት፤ ከባዱን ከከባዱ ጋር በአንድ ቀን ማዋል ቀላሉ ቀን በእውነት ቀላል ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል። በእኔ ግምት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳይቋረጥ የሚሠራ አጭር ቪዲዮ፣ አልፎ አልፎ ከሚሠራ ረጅም ቪዲዮ በብዙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ታፋዎ የኋላ ጡንቻ ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አንድ ጡንቻ ተወጥሮ ስለተሰማን ብቻ አጭር ነው ማለት አይደለም። ጡንቻው ደክሞ ወይም ከሚሸከመው ጫና አንጻር ጉልበት አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ዳሌ ወደ ፊት በመዘንበሉ ገና ቆመው ሳሉ ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ ከወገብ የሚወርደው ነርቭ ተቆጥቶም ያንኑ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ጡንቻው ከመቀመጫ አጥንት ጋር በሚያያዝበት ቦታ ጅማቱ ታምሞ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ፣ ዳገት ሲሮጡ ወይም እርምጃ ሲያሰፉ ከመቀመጫ ሥር ጠልቆ የሚሰማ ሕመም የዚህ ዓይነተኛ ምልክት ነው። እግርን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት በጥልቀት መጎንበስ ያንን ጅማት አጥንቱ ላይ ስለሚጫነው ሕመሙን ያባብሰዋል። በዮጋ ቪዲዮ ውስጥ ደግሞ ከመጎንበስ የበለጠ የሚደጋገም ነገር የለም። ሰው የተወጠረውን ሊያፍታታ ብሎ በየቀኑ እየጎነበሰ ለወራት ሲሠቃይ አይቻለሁ፤ ይህን በአጽንዖት የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሕመሙ እንዲህ ያለ ከሆነ መጎንበስ ያለባቸውን አቋሞች በሙሉ ይተዉና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያማክሩ። ካልሆነ ግን ሲጎነበሱ ጉልበትዎን ጥቂት አጥፈው፣ ጀርባዎን ሳያጎብጡ፣ እጥፋቱ ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ እንዲጀምር ያድርጉ። በእጅና በእግር ተደግፎ መቀመጫን ወደ ላይ በሚያነሣው፣ የውሻ አቋም በሚባለውም እንዲሁ ጉልበትን ማጠፍ ነውር የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ታች የሚወርዱት እየጨመረ ቢሄድ፣ በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓቱ መሳሳቡን መታገሥ ስለለመደ ነው፤ ስለዚህ ለውጡን በኃይል ማስገደድ አያስፈልግም። ሯጭ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ማድረስ አይጠበቅበትም። ጅማት በእያንዳንዱ እርምጃ ኃይል አከማችቶ የሚመልስ አካል በመሆኑ የተወሰነ ግትርነት ለሩጫ ይጠቅማል። የሚያስፈልገን እግር ከዳሌ ወደ ኋላ በበቂ እንዲዘረጋ፣ ቁርጭምጭሚት ወደ ፊት እንዲታጠፍ፣ የእግር አውራ ጣት ወደ ላይ እንዲቀና፣ የላይኛው ጀርባም ወደ ግራና ቀኝ እንዲዞር ነው። ስለዚህ አንዱን ጉልበት መሬት አስነክቶ ሌላውን እግር ወደ ፊት የሚያስቀድመው አቋም፣ የእግር ጣቶችን አጥፎ ተረከዝ ላይ መቀመጥ፣ ተኝቶ ጀርባን ማዞርና በባዶ እግር በአንድ እግር መቆም ያለባቸውን ቪዲዮዎች ያስቀድሙ። በመጀመሪያው አቋም በኋላኛው እግር በኩል ያለውን መቀመጫዎን ጨበጥ ያድርጉት፤ ያለዚያ መለጠጡ ከዳሌ ፊት ወጥቶ ወገብ ላይ ያርፋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎችን ልጨምር። የፊተኛውን እግር አጥፎ መሬት ላይ የሚያስተኛው የርግብ አቋም፣ ዳሌ አልዞር ሲል መጠምዘዙን ወደ ጉልበት ያስተላልፋል። በጀርባ ተኝቶ ቁርጭምጭሚትን በሌላው ታፋ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ጉልበትን ሳይጎዳ ያንኑ ጡንቻ ይስባል። የተረከዝ ጅማት ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ የሚታመም ሰው ደግሞ በውሻ አቋም ተረከዙን መሬት ለማስነካት መታገል የለበትም።

የቪዲዮ ትልቁ ጉድለት አሠልጣኙ እርስዎን አለማየቱ ነው። «ትንሽ ዝቅ በሉ» ሲል የእርስዎን ሰውነት አይቶ አይደለም። የዳሌ አጥንት አፈጣጠር ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ እሱ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ለእርስዎ በአጥንት የተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ብሽሽት ላይ የመቆንጠጥ ስሜት ሲመጣ ምልክቱ ይኸው ነውና አይግፉበት። ስለታም ሕመም፣ መደንዘዝና የመገጣጠሚያ ሕመምም ወዲያው የሚያስቆሙ ናቸው። አዲስ ቪዲዮ ከመሥራትዎ በፊት አንድ ጊዜ ተቀምጠው ይመልከቱት፤ ከዚያ በኋላ አንገትዎን ወደ ስክሪኑ እየጠመዘዙ ከመከተል ድምፁን ብቻ እየሰሙ መሥራት ይችላሉ። ጥቂት ቪዲዮዎችን መርጦ መደጋገም በየቀኑ አዲስ ከመፈለግ ይሻላል፤ ራስዎን በስልክ ከጎን ቀርጸው ማየትም ብዙ ያስተምራል። ልክዎን ለማወቅ ትንፋሽዎን ይከታተሉ፦ በአፍንጫ ረጋ ብለው መተንፈስ ካቃተዎት አቋሙ ከብዶዎታል። መገጣጠሚያዎችዎ በተፈጥሮ ከልክ በላይ የሚተጣጠፉ ከሆነ ደግሞ መሳሳብ ሳይሆን አቋሙን በጡንቻ ኃይል መቆጣጠር ነው የሚያስፈልግዎት።

የክብደቱን ልምምድ ይተካል ወይ? አይተካም። ዮጋ የራስን ክብደት ብቻ ስለሚጠቀም ጫናውን ደረጃ በደረጃ ለመጨመር አይመችም፤ የባትና የታፋ የኋላ ጡንቻ ደግሞ ለሩጫ የሚጠነክሩት በሚጨምር ጫና ነው። እንዲያውም ለሚሰማዎት ውጥረት ትልቁ መድኃኒት እዚያ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን የክብደት ቀናት አይንኩ። ከከባድ ሥራ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት የሚብሰውን የጡንቻ ሕመምም መሳሳብ ያን ያህል አይቀንሰውም። ታዲያ ለምን እንሠራዋለን ቢሉ፣ ሚዛንን ያሻሽላል፣ በሩጫ የማንነካቸውን አቅጣጫዎች ያንቀሳቅሳል፣ በደቂቃ ስድስት ያህል ጊዜ በዝግታ መተንፈስም ልብን ያረጋጋል፤ እኔ ማታ ስሠራ እንቅልፌ ይሻላል። እስከ 40 ዓመቱ እግር ኳስ ተጫውቶ በ2014 ያቆመው ራያን ጊግስ ዮጋ እንደጠቀመው በይፋ ተናግሯል፤ በ42 ዓመቱ ከቅርጫት ኳስ የተሰናበተው ካሪም አብዱል ጀባርም እንዲሁ። የአንድ ሰው የስፖርት ዘመን ረጅም መሆን ምክንያቱን አያረጋግጥም፣ ግን ሁለቱም ዮጋን የያዙት ከዋናው ልምምዳቸው ጎን ለጎን ነበር።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ቪዲዮ አይጀምሩ፤ የለመዱትን አሳጥረው፣ ጥልቀቱንም ቀንሰው ይቀጥሉ። አሁን ግን አንድ ነገር ቢነግሩኝ መልሴን ላስተካክል እችላለሁ፦ ውጥረቱ የሚሰማዎት በታፋዎ መካከል ነው ወይስ ከመቀመጫ አጥንትዎ ሥር? ረጅም ጊዜ ሲቀመጡስ ይብስብዎታል?