ቀለበት ከመቁጠራችን በፊት

«ጆርዳን 6 ዋንጫ አለው፣ ሌብሮን 4። ታዲያ ምኑ ያከራክራል?» ብለሃል ወንድሜ፤ ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለ ኤንቢኤ ኮከቦች ማይክል ጆርዳንና ሌብሮን ጄምስ። ቀለበት የምለው ባለዋንጫ ተጫዋች የሚያገኘውን ነው። ቀጥለህም አብረዋቸው የተጫወቱትንና የገጠሟቸውን ቡድኖች አስገብቶ ዋንጫን ከዋንጫ ማወዳደር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል። መልሴ ግን ረዘም ይላል፤ ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በቁጥር ብቻ ከሄድን ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። የቦስተኑ ቢል ራስል 11 አለው። የቡድን ጓደኛው ሳም ጆንስ 10። ሮበርት ሆሪ በሦስት ክለቦች 7 ወስዷል፤ ከጆርዳን በአንድ ይበልጣል። ሆሪ ከጆርዳን ይሻላል የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ካሪም አብዱል ጀባር ደግሞ ልክ እንደ ጆርዳን 6 አለው። «እኩል ናቸው» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? አየህ፣ «እኔ የማየው ቁጥር ብቻ ነው» የሚለውም ሰው ውስጥ ውስጡን ሌላ ነገር እየመዘነ ነው።

እኔ ኤንቢኤን ለዓመታት የተከታተልኩት ከአዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለ ተመልካች ያውቀዋል፤ ፍጻሜው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ላይ ይጀምርና እንቅልፍህን እንዳጣህ በዚያው ሥራ ትገባለህ። ኋላ ላይ ሱስ ሆነብኝና የድሮዎቹን ጨዋታዎች በዓመታቸው ቅደም ተከተል ማየት ጀመርኩ። ሃይላይት አይደለም፤ ሙሉውን። ሃይላይት ላይ የምታየው ኮከቡ ሲያስቆጥር ነው። ሙሉ ጨዋታ ላይ ግን ኮከቡ ሲያርፍ ቡድኑን ማን እንደሚይዝ፣ ከባዱን ተጋጣሚ ማን እንደሚጠብቅ ታያለህ። በ1991 ፍጻሜ ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ የተጋጣሚው የሌከርስ ኮከብ ማጂክ ጆንሰን ላይ ተለጥፎ ያስቸገረው የጆርዳን አጋር ስኮቲ ፒፐን ነው። ይህ በጆርዳን የነጥብ መዝገብ ላይ አይገኝም፣ ዋንጫው ውስጥ ግን አለ።

ከዚህ ሁሉ ማየት የያዝኩት አንድ መላ አለ። ተጫዋችን ከተጫዋች ከማወዳደሬ በፊት እያንዳንዱን ዋንጫ ለብቻው አያለሁ። ያን ዓመት ከጎኑ ማን ነበር? ፍጻሜ እስኪደርስ እነማንን አለፈ? ከተጋጣሚ በኩል ማን ተጎድቶ ነበር? የአንድ ሰው ሁለት ዋንጫዎች እንኳ ክብደታቸው እኩል አይደለም።

በዚህ ክርክር ስሙ ከማይነሳው ሰው ልጀምር፤ ከሌጎሱ ልጅ ከሀኪም ኦላጁዋን። በ1995 ቡድኑ ሂውስተን ሲዝኑን የጨረሰው 47 ጨዋታ አሸንፎ በምዕራቡ 6ኛ ሆኖ ነው (ሊጉ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ይከፈላል፣ የሁለቱ አሸናፊዎች ፍጻሜ ይገናኛሉ)። ከዚያ ያገኛቸውን ተመልከት። ዩታ 60 ያሸነፈ ቡድን ነው። ፊኒክስ 59። ሳን አንቶኒዮ 62። ኦርላንዶ 57፣ ያውም ወጣቱን ሻኪል ኦኒልን ይዞ። በአራቱም ዙር በሜዳው ብዙ ጨዋታ የማድረግ ዕድሉ የተጋጣሚ ነበር። ዩታን በመጨረሻው ጨዋታ አለፉ፣ ፊኒክስን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ከመመራት ተነስተው። ከሳን አንቶኒዮ ጋር ሁለተኛው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ዴቪድ ሮቢንሰን የዓመቱን ኮከብነት ሽልማት ሜዳው ላይ ተቀበለ። ሀኪም በዚያው ምሽት ሮቢንሰን ፊት ቆሞ 41 ነጥብ አስቆጠረ። ያንን ጨዋታ ያላየ ሰው ፈልጎ ይይ፤ ሮቢንሰን ምን ያህል ጎበዝ ተከላካይ እንደነበር እያወቅህ ስታየው ታዝንለታለህ። ፍጻሜው 4 ለ 0 አለቀ።

አጋር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ክላይድ ድሬክስለር በሲዝኑ አጋማሽ መጥቶለት ነበር። በ1994ቱ ዋንጫ ግን በዚያ ዓመት ኦል ስታር (የዓመቱ የሊጉ ምርጦች ቡድን) ውስጥ የተመረጠ ሌላ ሰው ቡድኑ ውስጥ አልነበረም። «ጆርዳን ቤዝቦል ሲጫወት ነው የወሰዱት» የሚሉ አሉ። ለ1994 ልክ ናቸው። በ1995 ግን ጆርዳን መጋቢት ላይ ተመልሶ ነበር። የጆርዳንን ቺካጎ 4 ለ 2 ያሰናበተው ኦርላንዶ ነው፤ ያው ሀኪም የጠረገው ኦርላንዶ። ጆርዳን በ17 ጨዋታ ብቻ አቋሙን አግኝቶ ነበር አልልም። ቢሆንም «አልነበረም» ማለት አይቻልም።

ከዚህ ጋር የሚጎራበተው የዲርክ ኖቪትስኪ የ2011 ዋንጫ ነው። ከዳላስ በዚያ ዓመት ኦል ስታር የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ያለፉት ኮቢና ጋሶል ያሉበትን ያለፈውን ዓመት ባለዋንጫ ሌከርስን 4 ለ 0፣ ከዚያ ዱራንትን፣ ዌስትብሩክንና ሃርደንን፣ በመጨረሻ ሌብሮንን፣ ዌድንና ቦሽን ነው። አንድ ዋንጫ ነው ያለው። እኔ ግን ከአንዳንዶች ሁለት አልለውጠውም።

ወደ ጆርዳን እንምጣ። አጋር ተጫዋች ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የእሱን የመጀመሪያ ዓመታት ያህል የሚያሳይ የለም። በ1986 ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ) ቦስተን ሜዳ ላይ 63 ነጥብ አስቆጠረ። ቺካጎ ሁለት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫውቶ 135 ለ 131 ተሸነፈ፣ በአጠቃላይም 3 ለ 0 ተሰናበተ። ያን ቀን ከእሱ የበለጠ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ግን ወዲያ በኩል በርድ፣ ማክሄልና ፓሪሽ ነበሩ። ፒፐን የመጣው በ1987 ነው፣ ፊል ጃክሰን ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ1989። ከ1988 እስከ 1990 ሦስት ዓመት በተከታታይ ዲትሮይት በሩን ዘጋባቸው። በ1991 ያንኑ ዲትሮይት 4 ለ 0 ጠርገው ወጡ።

እዚህ ላይ የሌብሮን ደጋፊዎች የሚያነሷት ነገር አለች። በ1993 ጆርዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ሲሰቅል ቺካጎ 57 አሸንፎ ነበር። ያለ እሱ በቀጣዩ ዓመት 55 አሸነፈ። ሌብሮን በ2010 ክሊቭላንድን ለቆ ሲሄድ ግን ቡድኑ ከ61 ወደ 19 ወረደ፤ 26 ጨዋታ በተከታታይም ተሸነፈ። ንጽጽሩ ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን በጥንቃቄ ያዘው። ቺካጎ ጃክሰንን እንደያዘ ቀጠለ፣ ቶኒ ኩኮችም መጣ። ክሊቭላንድ በዚያው ክረምት አሰልጣኙንም ቀይሯል፣ ሌሎች ተጫዋቾችም ለቀውበታል። ከዚያ በላይ ደግሞ 55 ያሸነፈው ቺካጎ በሁለተኛው ዙር በኒውዮርክ ወጣ። ጥሩ ቡድን ነበር፤ ባለዋንጫ አልነበረም። ይህ ለእኔ ፒፐንን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ጆርዳንን ዝቅ አያደርገውም።

ሌላው ደግሞ «ጆርዳን ማንን አሸነፈ?» የሚለው ነው። ባርክሌይ ዋንጫ የለውም፣ ማሎንና ስቶክተን የላቸውም፣ ዩዊንግ የለውም ይሉሃል። ለምን የላቸውም ታዲያ! ኃይሌ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ቴርጋት የኦሎምፒክ ወርቅ የለውም። ይህን ይዞ «ኃይሌ ያሸነፈው ወርቅ የሌለውን ሰው ነው» የሚል አለ? የ1996ቱ ሲያትልና የ1997ቱ ዩታ እያንዳንዳቸው 64 ያሸነፉ ቡድኖች ነበሩ። የ1993ቱ ፊኒክስና የ1998ቱ ዩታ 62። ደካማ ተጋጣሚ ይህን አይመስልም። ልክ የሚሆነው ሌላ ትችት ነው፦ ሊጉ በ1988 እና በ1989 አራት፣ በ1995 ደግሞ ሁለት አዳዲስ ክለቦችን ጨምሯል። ተጫዋቹ ሳስቷል። ስለዚህ የ1996ቱን 72 ድል ትንሽ ቅናሽ ብታደርግበት አልቆጣም።

ሌብሮንን ከተጋጣሚ ጥንካሬ አንጻር ስታየው ሌላ ሰው ይሆናል። በ2007 ፍጻሜ የደረሰው ከእነ ላሪ ሂዩዝ፣ ድሩ ጉደንና ሳሻ ፓቭሎቪች ጋር ነው። የገጠመው የዱንካንን ሳን አንቶኒዮ። 4 ለ 0 መሸነፉ አይገርምም፤ የገረመኝ እዚያ መድረሱ ነው። በ2015 ኬቨን ላቭ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ፣ ካይሪ ኧርቪንግ ከፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በኋላ ከሜዳ ውጭ ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ 67 ካሸነፈው ጎልደን ስቴት ሁለት ጨዋታ ነጠቀ። በ2016 ደግሞ 73 ጨዋታ ያሸነፈውን ጎልደን ስቴት ከ3 ለ 1 ተነስቶ ረታ። በሰባቱ ጨዋታዎች ከሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በነጥብ፣ በሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ በመያዝ)፣ በአሲስት (ለሚያስቆጥር ጓደኛ በማቀበል)፣ ኳስ በመንጠቅና በማገድ አንደኛ እሱ ነበር። ድሬይመንድ ግሪን አምስተኛውን ጨዋታ በቅጣት እንዳልተሰለፈ፣ ቦገትም በዚያው ጨዋታ እንደተጎዳ ረስቼው አይደለም። ቢሆንም ከአንድ ተጋጣሚ ላይ የተወሰደ ዋንጫ እንመዝን ከተባለ ከዚህ የሚከብድ አላውቅም።

6 ጊዜ በፍጻሜ መሸነፉን ደግሞ እንደ ጥፋት የሚቆጥሩበት አሉ። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ጆርዳን ከ1985 እስከ 1987 በመጀመሪያው ዙር ነው የወጣው፤ «6 ለ 0» የሚባለው መዝገቡ ውስጥ እነዚያ ዓመታት አይገቡም። ቀደም ብሎ መሸነፍ ፍጻሜ ደርሶ ከመሸነፍ የሚሻለው በምን ሒሳብ ነው?

ሌብሮንንም ግን አላባብልም። በ2011 ከዌድና ከቦሽ ጋር ሆኖ በፍጻሜው በአማካይ 17.8 ነጥብ ብቻ ነው ያስቆጠረው። ያ ሽንፈት የአጋር ችግር አይደለም። ከ2011 እስከ 2018 ስምንት ጊዜ በተከታታይ ፍጻሜ ሲደርስም በምሥራቁ በኩል የነበረው መንገድ ጆርዳን ከዲትሮይት፣ ከኒውዮርክና ከኢንዲያና ጋር ካየው በጣም የቀለለ ነበር። የምዕራቡን መንገድ ሀኪምን ጠይቅ።

ስለ ራስል ደግሞ «8 ክለብ ብቻ ነበር እኮ» ይባላል። እውነት ነው፣ በ1957 የመጀመሪያውን ሲወስድ 8 ነበሩ። በብዙዎቹ ዓመታትም ቦስተን ሁለት ዙር ብቻ አሸንፎ ነው ዋንጫ ያነሳው። ከጎኑ ኩዚ፣ ሻርማን፣ ሄንሶን፣ ኋላም ሃቭሊቼክ ነበሩ። በዚያ ላይ ክለቦች ጥቁር ተጫዋቾችን የሚገድቡበት ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው፤ በር ላይ የቀረው ስንቱ ነው። ግን 8 ክለብ ማለት በየሳምንቱ ከኮከቦች ጋር መፋጠጥ ማለትም ነው። ዊልት ቻምበርሌይን በ1962 በአማካይ 50.4 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው፤ በዚያው ዓመት ቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ 109 ለ 107 አስወጣው። ራስል ሰባተኛ ጨዋታ 10 ጊዜ ተጫውቶ 10ሩንም አሸንፏል።

እኔ ከ11ዱ የምመርጠው የመጨረሻውን፣ የ1969ኙን ነው። ቦስተን ያረጀ ቡድን ነበር፤ ምሥራቁን 4ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ራስል ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበር። ሌከርስ ደግሞ ዌስትን፣ ቤይለርንና ቻምበርሌይንን አንድ ላይ ይዟል። ባለቤቱ ለሰባተኛው ጨዋታ የድል ፊኛዎች ጣሪያው ላይ አሰቅሎ ነበር። ቦስተን 108 ለ 106 አሸነፈ። ጄሪ ዌስት ተሸንፎም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ራስልም ሳም ጆንስም በሌሉበት ቦስተን 34 ብቻ አሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ሆነ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። የዱራንት የ2017 እና የ2018 ዋንጫዎች ለእኔ ቀላሎቹ ናቸው። በችሎታው አይደለም፤ ሁለቱንም ጊዜ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነው። ግን የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ በአንድ ክረምት ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ዘሎ 73 ያሸነፈ ቡድን እሱን መጨመር ቻለ። በ2017 ፕሌይኦፍ 16 አሸንፈው አንድ ብቻ ተሸነፉ። ዱንካን በ2003 ሻክንና ኮቢን አስወጥቶ፣ ፍጻሜውን በ21 ነጥብ፣ በ20 ሪባውንድ፣ በ10 አሲስትና በ8 እገዳ የዘጋው ከጡረታ ደጃፍ ላይ ከነበረው ሮቢንሰንና ገና ከሚበስሉት ፓርከርና ጂኖቢሊ ጋር ነው፤ ይህ ከባድ ነው። ኮቢ? ደጋፊዎቹ ሊሰድቡኝ ነው፤ ከ2000 እስከ 2002 ያሉት ሦስቱ መጀመሪያ የሻክ ናቸው፣ ቀጥሎ የእሱ። የ2009 እና የ2010 ግን ማንም አይወስድበትም፤ ምንም እንኳ በ2010 ሰባተኛ ጨዋታ ከ24 ሙከራ 6 ብቻ ቢያገባና ጋሶል 18 ሪባውንድ ባይሰበስብ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ባስብም።

እንግዲህ ነጠላ ዋንጫ ከሆነ የኔ ቅደም ተከተል ይኸው፦ የሀኪም 1995፣ የሌብሮን 2016፣ የዲርክ 2011፣ የዱንካን 2003። ጆርዳን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በአጠቃላይ ማን ይበልጣል ካልከኝ ግን አሁንም ጆርዳን ነው የምልህ፤ 6 ከ4 ስለሚበልጥ ሳይሆን ከ1991 እስከ 1998 ድረስ ሙሉ ሲዝን በተጫወተባቸው ስድስት ዓመታት በፕሌይኦፍ ያሰናበተው ቡድን ስለሌለ። ፒፐን ስድስቱም ላይ ነበር፤ እሱን ሳትጠቅስ ይህን ክርክር አትጀምር።